ሥራ አፈላላጊነቱ አምስት ኮከብ፣ ውሉ ሁለት ኮከብ፦ ስለ አንድ የለንደን ኤጀንሲ

ይህ ግምገማ በለንደን መሃል ከተማ ቢሮ ስላለው፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ለባንክና ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ስለሚያቀርብ አንድ ኤጀንሲ ነው። ስሙን ትቼዋለሁ። የምናገረው አሠራር በዚህ ንግድ ውስጥ የተለመደ ስለሆነ አንዱን ነጥሎ መጥራት ሌሎቹን ንጹህ ያስመስላል። እኔ የዳታቤዝ ባለሙያ ነኝ፤ አነስተኛ ኩባንያ አቋቁሜ በቀን ሒሳብ በኮንትራት እሠራለሁ። ትልልቆቹ ደንበኞች ኮንትራክተርን በቀጥታ የሚያስገቡት ከስንት አንዴ ነው፤ ስለዚህ ወደድንም ጠላንም መካከል ላይ ኤጀንት አለ።

ከመልካሙ ልጀምር። የደወለልኝ ወጣት ኤጀንት ሥራውን ያውቃል። ብዙዎቹ ሲቪህን ሳያነቡ ይደውላሉ፤ እርሱ ግን ኦራክልና ፖስትግሬስ በሚባሉት የዳታቤዝ ዓይነቶች መካከል ያለውን ልዩነት ለይቶ ጠየቀኝ። የደንበኛው ችግር ምን እንደሆነም በግልጽ ነገረኝ፦ የድሮው ዳታቤዝ የፈቃድ ውል ሊያልቅ ነው፣ ከዚያ በፊት ወደ አዲሱ መዛወር አለበት፣ ቡድኑ ደግሞ ሰው አንሶታል። ቃለ መጠይቁ ላይ የተጠየቅሁት በትክክል ይህንኑ ነበር። ሲቪዬን ከመላኩ በፊትም የደንበኛውን ስምና የቀን ክፍያውን ጠቅሶ በኢሜይል ፈቃዴን ጠየቀ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአንድ ሰው ሲቪ በሁለት ኤጀንሲዎች በኩል አንድ ደንበኛ ዘንድ ከደረሰ፣ ደንበኛው የኮሚሽን ክርክር ውስጥ ላለመግባት ሲል ሰውየውን ጭራሽ ሊተወው ይችላል። የደንበኛውን ስም ሳይነግራችሁ ሲቪ ላክልኝ ለሚል ኤጀንት አትላኩ።

በዚያው ንግግር ሌላ የት የት እንዳመለከትኩ ጠየቀኝ፤ የቀድሞ አለቆቼን ስምና ስልክም ፈለገ። ሁለቱም ጥያቄዎች ተራ ይመስላሉ፤ ለኤጀንት ግን የገበያ መረጃ ናቸው። የነገርከው ኩባንያ ሰው እየፈለገ መሆኑን አወቀ ማለት ነው፤ የቀድሞ አለቃህም ነገ የሚደወልለት አዲስ ደንበኛ ነው። ሥራው የተሰጠኝ መሆኑ በጽሑፍ ሲደርሰኝ ስሞቹን እሰጣለሁ አልኩት፤ ሳያጉረመርም ተቀበለ። ለዚህም አመሰግነዋለሁ።

ችግሩ የመጣው ከውሉ ጋር ነው። ሰኞ ሥራ ልጀምር ውሉ ሐሙስ ማታ ደረሰኝ። ከውሉ ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ ተያይዟል፤ ሁሉም ሰው የሚፈርመው የተለመደ ወረቀት ነው ተባልኩ። ወረቀቱ የሚለው፣ በ2003 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከወጣው የብሪታንያ የኤጀንሲዎች የአሠራር ደንብ ጥበቃ እኔም ኩባንያዬም በፈቃዳችን ወጥተናል ነው። ይህ ደንብ ለእኛ የሚጠቅም ብዙ ነገር ይዟል። አንቀጽ 12፣ ደንበኛው አልከፈለኝም ወይም የሥራ ቀን መመዝገቢያህ አልተፈረመም ብሎ ኤጀንሲው ክፍያ እንዳይዝ ይከለክላል። አንቀጽ 10 ደግሞ ወደ ደንበኛው በቀጥታ ብትዛወር ኤጀንሲው ከደንበኛው የማዛወሪያ ክፍያ የሚጠይቅበትን ጊዜ ይገድባል፦ ሥራው ከተጀመረ 14 ሳምንት ወይም ካበቃ 8 ሳምንት፣ ከሁለቱ የዘገየው። ኤጀንሲው በአንድ ገጽ ደብዳቤ ይህን ሁሉ እንድተው ነው የጠየቀኝ።

አልፈርምም ስል ኤጀንቱ ደንበኛው ላይቀበልህ ይችላል አለኝ። ነገር ግን አንቀጽ 32 በኩባንያ የሚሠራ ሰው ከደንቡ መውጣት እንደሚችል ሲፈቅድ፣ ኤጀንሲው ይህንን የአገልግሎቱ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ እንደማይችልም ይደነግጋል። ስለዚህ ኢሜይል ጻፍኩ፦ «ሥራው በዚህ ፊርማ ላይ የተመሠረተ ከሆነ እባካችሁ በጽሑፍ አረጋግጡልኝ።» ሌላ አልጨመርኩም። በማግስቱ ፊርማው ግዴታ እንዳልሆነ የሚገልጽ መልስ ከተስተካከለ ውል ጋር መጣ። በስልክ የተባለው ነገር በጽሑፍ ሲጠየቅ እንዲህ ይለዝባል።

ያ አለመፈረም ብዙም ሳይቆይ ጠቀመኝ። የደንበኛው ሥራ አስኪያጅ ረጅም ዕረፍት ወጣ፤ የሥራ ቀን መመዝገቢያዬን የሚፈርም ሰው ጠፋ። የኤጀንሲው ሒሳብ ክፍል ፊርማ ከሌለ ክፍያ የለም አለ። የቤት ብድር ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንቀጽ 12ን ጠቅሼ፣ በየቀኑ የሠራሁትን የሚያሳይ መዝገብና ከቡድኑ ጋር የተጻጻፍኩትን አያይዤ ላክሁ። ደንቡ ኤጀንሲው ሥራው መሠራቱን በሌላ መንገድ እንዲያጣራ ይፈቅድለታል እንጂ እንዲሁ ዝም ብሎ እንዲይዝ አይፈቅድለትም። በሚቀጥለው ሳምንት ተከፈለኝ። የሒሳብ ክፍሏ ሴት በመጨረሻ በጣም ተባበረችኝ፤ ችግሩ የእርሷ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ነበር።

የሚያስቆጣኝ ግን የውል ማራዘሚያው ነው። የእኔ ክፍያ በቀን 500 ፓውንድ ነበር። ደንበኛው ለኤጀንሲው 610 እንደሚከፍል ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነግሮኛል። በልዩነቱ አልከራከርም፤ ሰው ፈልገው አግኝተዋል፣ ደንበኛው ሳይከፍል በፊት ለእኔ የመክፈል ሥጋትንም ይሸከማሉ። ማራዘሚያው ሲደርስ ግን ኤጀንቱ ደንበኛው በጀት ስላነሰው ወደ 450 ዝቅ እንድል ጠየቀኝ። በዚያው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ማራዘሚያው በነበረው ዋጋ እንደጸደቀ ነግሮኝ ነበር። ቅናሹ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ ግልጽ ነው። ከ500 በታች አልሠራም ብዬ ጻፍኩ፤ ያለ ምንም ማብራሪያ በ500 ታደሰ። ይህንን ያደረገው ያው ትሑቱ ወጣት ነው፤ ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ደመወዙ ግን በልዩነቱ ላይ የተመሠረተ ነው።

በኋላ ያቀረቡልኝ ሁለተኛው ሥራ በቀን 550 ተብሎ ነበር። ይህ ግን አይ አር 35 የሚባለው፣ በራሱ ኩባንያ የሚሠራን ሰው እንደ ተቀጣሪ ግብር ሊያስከፍል የሚችለው ሕግ የሚያርፍበት ሥራ ነው። ሕጉ በ2000 የወጣ ሲሆን፣ ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ በግሉ ዘርፍ መካከለኛና ትልልቅ ደንበኞች ኮንትራክተሩ እንደ ተቀጣሪ ይታይ አይታይ ራሳቸው ይወስናሉ። ይታያል ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ በአምብሬላ ኩባንያ፣ ማለትም ኮንትራክተሩን ቀጥሮ ደመወዙን በሚከፍል መካከለኛ ድርጅት፣ በኩል ትገባለህ። ያ 550 ደመወዝ አይደለም። ከውስጡ ብሔራዊ ኢንሹራንስ የሚባለው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ የአሠሪው ድርሻ፣ ከሚያዝያ 2025 ወዲህ 15 በመቶ፣ እንዲሁም የሥልጠና መዋጮና የአምብሬላው ክፍያ ይነሣል፤ የአንተ ግብር የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ በቀረው ላይ ነው። ይህን ሁሉ በምሳሌ የሚያሳይ የመረጃ ሰነድ ከስምምነት በፊት መስጠት ከ2020 ጀምሮ የኤጀንሲው ግዴታ ነው። ለእኔ የተላከልኝ ከጠየቅሁ በኋላ ነው። ሒሳቡን አይቼ ሥራውን ተውኩት።

ሥራ በማግኘት አምስት፣ በክፍያ አራት፣ በውል ሁለት ኮከብ እሰጣቸዋለሁ። ነገ ቢደውሉ አነሣለሁ፤ ዋጋና ቃል ግን በኢሜይል ብቻ እቀበላለሁ።

አንድ ነገር ለወገኖቼ፣ በተለይ በኤጀንሲ በኩል በእንክብካቤና በጽዳት ሥራ ለምትሠሩ። ይህ ኤጀንሲ ሥራ አገኘሁልህ ብሎ ከእኔ ሳንቲም አልጠየቀም፤ ይህም ውለታ አይደለም። የ1973ቱ የኤጀንሲዎች ሕግ ከጥቂት የመዝናኛና የሞዴልነት ሥራዎች በስተቀር ሥራ ፈላጊን ሥራ በማግኘት ስም ማስከፈልን ይከለክላል። የመመዝገቢያ ክፍያ የሚላችሁ ካለ ከመክፈላችሁ በፊት ጥያቄውን በጽሑፍ እንዲልክላችሁ አድርጉ፤ ከዚያ ያንን ይዛችሁ ወደ መንግሥት ተቆጣጣሪው አቤት በሉ።