የ240 ዶላሩ ሽጉጥና የ95 ዶላሩ ሞላ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ቻንቲሊ አካባቢ፣ አንድ የቤት ውስጥ የተኩስ መለማመጃ። ምላጩን ሳብኩ። ጠቅ አለ። ተኩስ የለም።

አምስት ወር ሙሉ ከዚህ ሽጉጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ወደ 1,500 ጥይት ተኩሼበታለሁ። አንድም ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም። በዚያ ጠዋት ግን ከ100 ጥይት 11ዱ ጠቅ ብለው ቀሩ። ጥፋቱ የሽጉጡ አይደለም። ከሳምንት በፊት «ላሻሽለው» ብዬ የገጠምኩበት የ95 ዶላር ሞላና ምላጭ ነው። ይህን የምጽፈውም በዚያ ንዴት ነው። ወራት አልፈዋል፣ ንዴቱ ግን ገና አልበረደልኝም።

ሽጉጡ ታውረስ ጂ3 ነው። ጥይቱ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር፣ የአፈሙዙ ርዝመት 4 ኢንች። አዲሱን በ240 ዶላር ገዛሁት፣ ታክሱ ለብቻው። እዚያው መደርደሪያ ላይ የነበረው ታዋቂው የግሎክ ሽጉጥ ከ500 ዶላር በላይ ነበር። እኔ የምፈልገው ደግሞ በወር ሁለት ቅዳሜ ወረቀት ላይ ለመተኮስ ነው። ወገቤ ላይ ታጥቄው አልሄድም። ውድድርም አልገባም። ለዚህ እጥፍ ዋጋ መክፈል አልታየኝም።

ፍርሃት አልነበረኝም ማለት ግን አይደለም። ታውረስ የብራዚል ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ፖርቶ አሌግሬ ውስጥ የተቋቋመ። በ1980 የጣልያኑ ቤሬታ ብራዚል ውስጥ የነበረውን ፋብሪካ የገዛውም እሱ ነው። እንግዲህ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ሆኖም የቀደሙ ሞዴሎቹን በተመለከተ አሜሪካ ውስጥ የጋራ ክስ ቀርቦበት በስምምነት እንደተዘጋ ብዙ ሰው ያውቃል። ስሙን ስታነሳ ፊቱን የሚያጨማድድ አይጠፋም። ጂ3 በ2019 የወጣ አዲስ ሥራ ስለሆነ ልሞክረው አልኩ። ሞከርኩት፣ አላሳፈረኝም።

ስለ እነዚያ አምስት ወራት ብዙ የምለው የለም። ይተኩሳል። ይጸዳል። ደግሞ ይተኩሳል።

ታዲያ ለምን ነካሁት? የሀገራችን ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ይህን ነው። ጥይቶቼ ሁሌ ወደ ታችና ወደ ግራ ይወርዱ ነበር። መሐሉን አነጣጥራለሁ፣ ቀዳዳው ግን ከመሐል በአራት ጣት ዝቅ ብሎ በግራ በኩል ይገኛል። ቀኝ እጀኛ ነኝ። አንድ ቀን የመለዋወጫ ሻጩን ጠየቅሁት። ከአፌ ቀበል አድርጎ «ምላጩ ነው» አለኝ። «የርካሽ ሽጉጥ ምላጭ ይከብዳል፣ መንገዱም ረጅም ነው። ቀለል ያለ ሞላና አጭር ምላጭ ብትገጥምበት የሺህ ዶላር ሽጉጥ ይሆንልሃል» አለኝ።

ግማሹ እውነት ነበር። የጂ3 ምላጭ ስድስት ፓውንድ ገደማ ጉልበት ይፈልጋል፣ በኪሎ ሦስት ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው። ከመተኮሱ በፊትም ረጅም ባዶ መንገድ ይሄዳል። ይህን ማንም አይክደውም። ውሸቱ «የሺህ ዶላር ሽጉጥ ይሆንልሃል» የሚለው ላይ ነው። ለሞላውና ለምላጩ 95 ዶላር፣ ለብረት ማነጣጠሪያ ደግሞ 75 ዶላር ከፈልኩ። በድምሩ 170 ዶላር። ሽጉጡ ራሱ 240 ነው እኮ!

አሁን የሆነውን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ሻጩ ይህን አልነገረኝም። የጥይት ቀለህ ቂጥ ላይ፣ መሐሉ ላይ፣ ፕራይመር የምትባል ትንሽ ክብ አለች። መርፌው እሷን በኃይል መምታት አለበት። ስትመታ ትፈነዳለች፣ ባሩዱን ታቀጣጥላለች፣ ጥይቱ ይወጣል። መርፌውን የሚገፋው ሞላ ነው። ምላጭን ለማቅለል ቀላሉ መንገድ ያንን ሞላ ማሳሳት ነው። ሞላው ሲሳሳ ጣትህ ይቀለዋል፣ መርፌው ግን ጉልበት ያጣል። የአንዳንድ ፋብሪካ ፕራይመር ለስለስ ያለ ስለሆነ ይፈነዳል። የሌላው ጠንከር ይላል፣ ይቧጨርና ይቀራል። ያን ቀን ያልፈነዱትን 11 ጥይቶች አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ላይ መርፌው አርፏል። ጉድጓዱ ግን ጥልቀት የለውም፣ በጥፍር የተጫኑት ነው የሚመስል። የፋብሪካው ሞላ የመታቸው ቀለሆች ላይ ያለው ጉድጓድ በግልጽ ይጠልቃል።

የፋብሪካው መሐንዲስ ሞላውን ያጠነከረው ማንኛውንም የገበያ ጥይት እንዲያፈነዳ ነው። እኔ 95 ዶላር ከፍዬ ያንን ዋስትና አወጣሁት።

ጂ3 አንድ ጥሩ ጠባይ አለው። ጥይቱ ካልፈነዳ ስላይዱን፣ ማለትም ወደ ኋላ የሚሳበውን የሽጉጡን የላይኛ ብረት፣ ሳትነካ ምላጩን ደግመህ ብትስበው እንደገና ይመታል። እኔም በመጀመሪያው ጠቅታ ደግሜ ልስብ ስል ጎኔ የነበሩት ጋሼ «ቆይ! አትንካው!» አሉኝ። ጋሼ የቀድሞ ወታደር ናቸው። መተኮስ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳቀናሁ 30 ሰከንድ አስቆጠሩኝ። አንዳንድ ጥይት ዘግይቶ ይፈነዳልና። ይህን ሕግ አውቀዋለሁ፣ በንዴት ግን ረስቼው ነበር። 11 ጊዜ 30 ሰከንድ ቆጠርን። ልቤ ወለቀ። መዝናኛ ብዬ የመጣሁበት ቅዳሜ በመቁጠር አለቀ።

ወደ ሻጩ ተመለስኩ። «ሞላው ገና አልተላመደም፣ 200 ጥይት ተኩስበት» አለኝ። ሞላ እኮ ሲውል ሲያድር ይላላል እንጂ አይጠነክርም! «የተገጠመ ዕቃ አንመልስም» ብሎ ደግሞ ጨረሰው። ስሙን አልጠራም፣ እንዲህ የሚመልሰው እሱ ብቻ አይደለምና። እናንተም ያገኛችሁት ይመስለኛል።

ጋሼ ግን በዚያ ጠዋት ሌላ ነገር አይተው ነበር። ስድስተኛው ጥይት ጠቅ ሲል ትከሻዬን ነኩኝ። «አፈሙዝህን አየኸው?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር። ሰባተኛው ጠቅ ሲል አየሁት። ሽጉጡ አልተኮሰም፣ ወደ ኋላም አልረገጠም። አፈሙዙ ግን ወደ ታችና ወደ ግራ ወረደ፣ በደንብ አድርጎ። ሽጉጡ ሊረግጥ ነው ብሎ እጄ ቀድሞ ይገፋዋል ማለት ነው። ተኩስ ሲኖር ይህ አይታይም፣ ርግጫው ይሸፍነዋል። ጠቅታው ገለጠው። አምስት ወር ሙሉ ጥይቶቼን ታችና ግራ የወሰዳቸው ምላጩ አልነበረም።

ጋሼ ይህን ሲያስረዱኝ አባቴን አሰብኩ። ጎጃም ውስጥ ምንሽር ነበራቸው። ከኔ ሽጉጥ ምላጭ ይልቅ የዚያ ጠመንጃ ምላጭ በጣም ይከብድ ነበር። ጥይት ውድ ነው፣ ቆጥረው ነው የሚያስቀምጡት። ልጅ ሆኜ አባቴ ጠመንጃውን ባዶውን ይዘው፣ ግቢው ጫፍ ላይ ያለች ድንጋይ ላይ እያነጣጠሩ፣ ምላጩን ቀስ አድርገው ደጋግመው ሲስቡ አያቸው ነበር። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ልምምድ መሆኑ የገባኝ አሁን ነው፣ አባቴ ካለፉ በኋላ።

ያን ማታ የፋብሪካውን ሞላና ምላጭ መልሼ ገጠምኩ። በነጋታው በ15 ዶላር የልምምድ ጥይት አዘዝኩ። ባሩድም ፕራይመርም የሌለው፣ የውሸት ጥይት። ከእውነተኛው ጋር ቀላቅዬ ካዝናው ውስጥ እከታቸዋለሁ፣ የቱ ቀድሞ እንደሚመጣ ሳላውቅ። ጠቅ ሲል አፈሙዙ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ማታ ማታ ደግሞ ጥይቶቹን ሁሉ ሌላ ክፍል አስቀምጬ፣ ሽጉጡን ሁለት ጊዜ አይቼ ባዶነቱን አረጋግጬ፣ አሥር ደቂቃ ምላጭ እስባለሁ። እንደ አባቴ።

ሁለት ወር ሞላኝ። በ7 ያርድ አሥር ጥይት በመዳፍ በሚሸፈን ቦታ ላይ ያርፋል፣ መሐል ላይ። በዚያው «ከባድ» በተባለው ምላጭ። በዚያው 240 ዶላር ሽጉጥ።

ስለዚህ ርካሽ ሽጉጥ መግዛት ያዋጣል ወይ ለሚለኝ፣ አዎ፣ ያዋጣል። እኔ አልተጸጸትኩም። ነገም ቢሆን እገዛዋለሁ። ማሻሻል ያዋጣል ወይ ለሚለኝ፣ ለእንደኔ ዓይነቱ ተኳሽ አያዋጣም። ሒሳቡን ተመልከቱት። 50 ጥይት የያዘ ፓኮ እኔ የምገዛው በ14 ዶላር ገደማ ነው። 170 ዶላሬ 12 ፓኮ ይገዛልኝ ነበር። 600 ጥይት! ወይም ከአስተማሪ ጋር የግማሽ ቀን ትምህርት። ሽጉጡን ልሽጠው ብል ደግሞ ለተጨመረበት ዕቃ ማንም አይከፍለኝም። ገዢው የሚያየው «ያገለገለ ታውረስ» ነው። እንዲያውም የተነካካ ሲሆን ይሸሻል።

የ75 ዶላሩ ብረት ማነጣጠሪያስ? ክፉ አይደለም። ግን ከእሱ በፊት የፊተኛዋን የማነጣጠሪያ ነጥብ በባለቤቴ ደማቅ ብርቱካናማ የጥፍር ቀለም ቀብቻት ነበር። ዓይኔ በፍጥነት ያገኛት ነበር። ለምን እንደቀየርኳት አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። እጄ ሲያልበው እንዳያንሸራትት እጀታው ላይ የለጠፍኩት ሻካራ ፕላስተር ደግሞ 10 ዶላር ነው። በጥፍር ቀለሙና በፕላስተሩ ደስተኛ ነኝ።

መፈታታትና መግጠም ራሱ ደስ የሚለው ሰው አለ። እሱን አልቃወምም። ያ ሰው ግን ሽጉጡን ሲመርጥ ከመለዋወጫው ይጀምር። ለምሳሌ ፓልሜቶ ስቴት የሚባለው ድርጅት የሚሠራው ዳገር የተባለ ሽጉጥ ርካሽ ነው፣ የተሠራውም በግሎክ 19 ሦስተኛ ትውልድ ልክ ነው። አብዛኛው የግሎክ ዕቃ ይገባበታል። የግሎክ ዕቃ ደግሞ ገበያው ሰፊ ነው፣ ጥሩውን ከመጥፎው የለየ ሰው ሞልቷል። ለሌላ ርካሽ ሽጉጥ የሚሠራ መለዋወጫ ጥቂት ነው፣ የፈተነውም ሰው ጥቂት ነው። ምላጩ ከመጀመሪያው ቀላል እንዲሆንለት የሚፈልግ ደግሞ ትንሽ ጨምሮ የቱርኩን ካኒክ ይይ። ሳይነካ እንዲሁ ጥሩ ምላጭ አለው። ጋሼ አንድ አላቸው፣ ሞክሬዋለሁ። መቶ ዶላር ለሻጭ ሞላ ከመስጠት መቶ ዶላር እዚያ ላይ መጨመር ይሻላል።

ደጋግመው ለሚጠይቁኝ የሀገር ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት አለባችሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፣ ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም። ለጊዜው በቪዛ የመጣ ሰው ግን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። መግዛት ለማይችል ዘመድ ወይም ጓደኛ በራሳችሁ ስም ገዝቶ መስጠት የፌዴራል ወንጀል ነው። «የወንድሜ ልጅ ነው፣ ምን አለበት» አይሠራም። ሽጉጥ ስትገዙ በምትሞሉት የፌዴራል ቅጽ፣ በፎርም 4473 ላይ፣ እውነተኛው ገዢ እናንተ መሆናችሁን ትፈርማላችሁ።

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬ የኔን አይቶ ያንኑ ሽጉጥ ገዛ። ሁለተኛ ቅዳሜው ላይ «ጥይቶቼ ለምንድን ነው ታች ታች የሚሉት? ምላጩ ነው መሰለኝ» አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም። ካዝናውን ተቀብዬ ስምንት ጥይት ሞላሁ፣ ከመሐል ሁለቱ የውሸት። አራተኛው ላይ ጠቅ አለ። አፈሙዙ ቁልቁል ሄደ። ዞር ብሎ አየኝ።

«ሞላ አዝዘሃል እንዴ?» አልኩት።

«አዎ፣ ማክሰኞ ይደርሳል» አለኝ።

«ሳትከፍተው መልሰው። ከከፈትከው አይቀበሉህም።»