ምርቃት የመጣው ብሎወር፦ አንድ የሴንሰር ማጽጃ ኪት ከዘጠኝ ወር በኋላ

ባለፈው መስከረም አዲስ አበባ ሄጄ የካሜራ ሴንሰር (ከሌንሱ ጀርባ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ማጽጃ ኪት ስገዛ ሐሳቤ ሁሉ ፈሳሹ ላይ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ፈሳሽ፣ በየላስቲካቸው የታሸጉ አሥራ ሁለት ስዋቦች (የመጥረጊያ ዘንጎች) እና አንድ የሌንስ ጨርቅ ነበሩ፤ በዋጋው ጥቂት ከተከራከርን በኋላ ሻጩ ከመደርደሪያው ላይ በእጅ ሲጨመቅ አየር የሚነፋ ጥቁር የጎማ ብሎወር አንሥቶ «ይኼ ምርቃት ይሁንህ» ሲል ጨመረልኝ። ስለ ፈሳሹ ሩብ ሰዓት ያህል አስረድቶኛል፤ ስለ ብሎወሩ ግን ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ደብረ ብርሃን ላይ ዘጠኝ ወር ከሠራሁበት በኋላ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ምርቃት ነው። ሴንሰሬን በንጽሕና ያቆየልኝ እሱ ሲሆን፣ የተማመንኩበት ፈሳሽ ደግሞ ያልነበረ እድፍ ጨመረብኝ።

ሥራዬ የሰርግና የምረቃ ፎቶ ማንሣት ነው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ አንኮበር፣ ወደ ጣርማበርና ወደ መንዝ ጓሳ እየወጣሁ ገደሉን፣ ጭላዳውንና የገበሬውን ውሎ አነሣለሁ። ካሜራዬ መስተዋት ያለው ዓይነት ነው፤ የሴንሰሩ ስፋት 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ነው። በ2,800 ሜትር ከፍታ ግድም ላይ በምትገኘው ከተማችን ዙሪያ ያለው ሜዳ ክረምቱን ጭቃ፣ በጋውን ነፋስና አቧራ ስለሆነ፣ ሌንስ እየቀየረ የሚሠራ ሰው ሴንሰሩ ላይ ብናኝ ሳይገባበት መክረም አይችልም። ከሁሉ የሚብሰው ግን የውቂያ ወቅት ነው። ታኅሣሥ ውስጥ ከከተማ ወጣ ብዬ አንድ አውድማ ላይ ገብስ ሲያዘሩ እያነሣሁ ዋልኩ። ገበሬው በመንሽ ወደ ላይ በበተነው ቁጥር ፍሬው እግሩ ሥር ሲወርድ፣ ገለባው ትንሽ ራቅ ብሎ ሲያርፍ፣ እብቁ ደግሞ እንደ ጢስ እየተነነ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። እዚያው ቆሜ ሦስት ጊዜ ሌንስ ቀየርኩ። ዛሬ ሳስበው ያን ያህል መዳፈሬ ይቆጨኛል።

ያን ዕለት ማታ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ስከፍት ሰማዩ በነጠብጣብ ተሞልቶ አገኘሁት። ሻጩ እንዳስረዳኝ ባትሪውን ሞልቼ፣ ካሜራውን በማጽጃ ሁነታ ላይ አድርጌ መስተዋቱን ካነሣሁ በኋላ፣ በስዋቡ ጫፍ ላይ አራት ጠብታ ፈሳሽ አንጠባጥቤ ሴንሰሩን ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁት። ነጠብጣቡ ጠፋ። ለማረጋገጥ አንድ ፎቶ የቤቴን ግድግዳ አነሣሁና ደስ ብሎኝ ተኛሁ፤ ያነሣሁት ግን በኤፍ 2.8፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ) በሰፊው ተከፍቶ ነበር። ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው።

ጥር ላይ አንድ ሰርግ ሠራሁ። የቤተ ዘመዱን የጋራ ፎቶ በእኩለ ቀን ፀሐይ ስናነሣ፣ ፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎችና ከኋላ የቆሙት ሚዜዎች እኩል ጥርት እንዲሉልኝ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 16 አጠበብኩት። ፎቶው በትልቁ ታትሞ ወደ ቤታቸው ሲሄድ የሙሽራዋ እናት አስጠሩኝ። እጃቸውን ይዘው መስኮቱ አጠገብ አቆሙኝና በጣታቸው ጉንጫቸው ላይ ያለች ደብዛዛ ክብ እያሳዩኝ «ልጄ፣ እኔን ማርያም አልሳመችኝም፤ ይቺ ከየት መጣች?» አሉኝ። ጫፏ ጠቆር፣ መሐሏ ፈዘዝ ያለ፣ ልክ በጨርቅ ላይ የደረቀ የውሃ ጠብታ የመሰለች ክብ ነበረች። ይቅርታ ጠይቄ፣ አስተካክዬ በራሴ ወጪ እንደማሳትምላቸው ቃል ገብቼ ወጣሁ። ስቱዲዮ ገብቼ የዚያን ወር ሥራ ሁሉ ስመረምር፣ አፐርቸሩ በጠበበበት ፎቶ ሁሉ ያችው ክብ እዚያው ቦታ ላይ ነበረች።

አፐርቸሩ ሲከፈት የሚሰወረው ሲጠብ የሚገለጠው ለምን እንደሆነ መረዳት ለዚህ ሥራ መሠረት ነው። አቧራውም እድፉም የሚያርፈው ብርሃኑን በሚቀበሉት ነጥቦች ላይ ሳይሆን ከእነሱ ፊት ባለው የብርጭቆ ሽፋን (ፊልተር) ላይ ነው፤ በመካከላቸውም ጥቂት ክፍተት አለ። አፐርቸሩ ሰፊ ሲሆን ብርሃኑ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚገባ የብናኙን ጥላ ያሟሟዋል፤ ሲጠብ ግን ብርሃኑ በቀጭኑ ስለሚመጣ ጥላው ጠርዝ አውጥቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ፍተሻው በኤፍ 16 ወይም በኤፍ 22፣ በዝቅተኛ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ፎከሱን ሆን ብሎ አደብዝዞ፣ ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ላይ መደረግ አለበት። ቦታውን ለማግኘት ደግሞ ምስሉ ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ተገልብጦ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ካሜራውን ፊት ለፊት ስናየው፣ በፎቶው ላይ ከላይ በግራ ያለው ነጥብ በሴንሰሩ ላይ ከታች በግራ ይገኛል። ይህን ሳላውቅ ንጹሑን ጥግ ደጋግሜ የጠረግሁበት ጊዜ ነበር።

ሻጩ ይህን ቢሰማ መልሱ አይጠፋኝም፤ «ጠብታ አብዝተሃል» ይለኛል። እውነት ነው፤ ለዚህ ስፋት ሁለት ጠብታ ይበቃል። ነገር ግን በኋላ በሁለት ጠብታም ሞክሬዋለሁ፤ ክቡ አነሰ እንጂ አልቀረም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው «አልኮል የሌለው» የሚል ብቻ ሲሆን፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይናገርም። ጣቴ ላይ አንጠባጥቤ ስጠብቅ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ ሲደርቅም ጫፉ ላይ የሆነ ነገር ጥሎ ይሄዳል። የታኅሣሥ ማታ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ማድረቁን ይበልጥ ያዘገየዋል። በሙያው ከታወቁት ማጽጃዎች አንዳንዶቹ በሜታኖል፣ ማለትም በአንድ የአልኮል ዓይነት፣ የሚሠሩት ያለምክንያት አይደለም፤ ሜታኖል በ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ግድም የሚፈላ፣ ስዋቡ ገና ከሴንሰሩ ሳይነሣ የሚተን ነገር ነው። መርዛማና በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ይህንንም ቢሆን ለገዢው ነግሮ መሸጥ እንጂ ውሃ ቀመስ ፈሳሽ «ለሁሉም ሴንሰር» እያሉ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም።

ካሜራውን ይዤ እዚሁ ከተማ ከእኔ በፊት ብዙ ዘመን ወደሠሩ አንድ ጋሼ ሄድኩ። ገና ሳልጨርስ «በመጀመሪያ ነፋስ ሰጥተኸዋል?» አሉኝ። አለመስጠቴን ስነግራቸው ዝም ብለው ካሜራውን አዩት፤ ከዚያም ደረቅ ብናኝ ሳይራገፍ በእርጥብ ስዋብ መጥረግ ማለት አሸዋውን የሴንሰሩ ፊልተር ላይ መጎተት ማለት እንደሆነ አስረዱኝ። ክቡን በራሳቸው የሜታኖል ፈሳሽና በእኔ ስዋብ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ ስዋቡን ገልብጠው አንድ ጊዜ ወደ ግራ ጠርገው አነሡልኝና ስዋቡን ጣሉት። ለሁለተኛ ጊዜ አይጠቀሙበትም። የሴንሰሩ ፊልተር ሳይጫር መትረፉን ሳይ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ምርቃቱን ከመሳቢያ ያወጣሁት ያን ዕለት ነው። ሳገላብጠው ከኋላው አየር የሚያስገባ ትንሽ ቫልቭ እንዳለው አስተዋልኩ፤ ይህ ማለት ሲለቀቅ አየሩን የሚስበው በአፍንጫው በኩል አይደለም፤ ስለዚህ ያባረረውን አቧራ መልሶ አይጠጣም። ሻጩ ስለዚህ ቫልቭ አንድ ቃል ቢነግረኝ ኖሮ በፈሳሹ ላይ የባከነው ጊዜዬ ይተርፍ ነበር። የአዲስ ጎማ ውስጥ ዱቄት ሊኖር ስለሚችል በመጀመሪያ ወደ ደጅ ሃያ ጊዜ ያህል ጨመቅሁት። ከዚያ ወዲህ አሠራሬ አንድ ነው፦ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍቼ፣ የብሎወሩን አፍንጫ ከሌንሱ መግጠሚያ ቀለበት ሳላሳልፍ፣ በመጀመሪያ መስተዋቱ ያለበትን ሣጥን፣ ቀጥዬ መስተዋቱን አንሥቼ ሴንሰሩን፣ በመጨረሻም የሌንሱን ጀርባ አራግፋለሁ። የሌንሱ ጀርባ ካልጸዳ አቧራው ነገ ተመልሶ እዚያው ነው።

ብሎወር አቧራውን ከጥግ ወደ ጥግ ከማዘዋወር በቀር አያወጣም የሚሉ አሉ። አፉ ወደ ላይ ከሆነ ልክ ናቸው፤ ወደ መሬት ከተደፋ ግን የተነሣው ብናኝ ወደ ውጭ ይወርዳል። ካሜራው ራሱን በንዝረት ስለሚያጸዳ ሌላ ነገር አያስፈልግም የሚለውም ክርክር አልጠፋም። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2003 ኦሊምፐስ ኢ1 በተባለው ካሜራ ላይ ከመጣ ወዲህ ብዙ ካሜራዎች ላይ ገብቷል፤ የእኔም አለው፤ የአውድማ እብቅ ግን በንዝረቱ ብቻ አልወረደም። በአፍ እፍ ማለትንና ቆርቆሮ ውስጥ የታመቀ ጋዝ መርጨትን ለማንም አልመክርም፤ የመጀመሪያው ምራቅ፣ ሁለተኛው ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሴንሰሩ ላይ ይተፋል።

ከጥር ወዲህ በነበረው ጊዜ፣ የሁዳዴን አቧራማ ሳምንታትና ሁለት የጓሳ ጉዞዎችን ጨምሮ፣ ስዋብ ያስፈለገኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም ሚያዝያ ላይ ጣርማበር ዋሻው አጠገብ ጉም ውስጥ ቆሜ ሌንስ ስቀይር የገባ ጠብታ ደርቆ ነው፤ የደረቀ ጠብታንና ከሸተሩ (ከሴንሰሩ ፊት ከሚከፈትና ከሚዘጋው መጋረጃ) የሚረጭ ዘይትን ነፋስ አያነሣም፤ ለእነሱ እርጥብ ማጽጃ ግዴታ ነው። ስዋቦቹ በጎ ናቸው፤ ወርዳቸው 16 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በእኔ ሴንሰር ልክ ይገባሉ፣ ክር አይጥሉም። ሙሉ ፍሬም ማለትም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሴንሰር ያለው ሰው ግን ባለ 24 ሚሊ ሜትሩን መጠየቅ አለበት። ያን ዕለት የተጠቀምኩት ከጋሼ የቀዳሁትን ፈሳሽ ነው፤ በሁለት ጠብታ፣ በአንድ ስዋብ አለቀ።

ስለዚህ ኪቱን በመግዛቴ አልጸጸትም፤ ሻጩ ዋና ነው ብሎ የሸጠልኝን ግን አልደግመውም። ሌላ ጊዜ ብሎወሩን ከነቫልቩ መርጬ በራሱ ዋጋ ከፍዬ እገዛለሁ፤ ስዋቡን በልኬ፣ ፈሳሹን ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ የተጻፈበትን ብቻ። የሙሽራዋን እናት ፎቶ አስተካክዬ፣ አሳትሜ ለትንሣኤ ወሰድኩላቸው፤ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ጉንጫቸውን በጣታቸው ዳበስ አደረጉና ከግድግዳው ላይ የቀድሞውን አውርደው አዲሱን ሰቀሉት።