የኮምቦልቻው የተደራራቢ መድልዎ ሥልጠና፦ ጠዋቱ ጥሩ ነው፣ ከሰዓቱ ይሳሳል

ለሴቶች መብት አስተባባሪዎች የሚሰጠው ይህ የአንድ ቀን ሥልጠና ከጠዋቱ ክፍለ ጊዜ የተነሳ ብቻ ቢሆንም መሄድ ያዋጣል። አሠልጣኟ የምትነሳው ጥቁር ሴት ሠራተኞች በአሜሪካው መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ ላይ ካቀረቡት የመድልዎ ክስ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥቁር ሴቶቹን «ወይ በዘር ወይ በጾታ ክሰሱ፣ ሁለቱን ማጣመር ግን አይቻልም» የሚል ብይን ሰጠባቸው። ኩባንያው ሴቶችን ይቀጥራል ተባለ፤ ከ1964 እ.ኤ.አ. በፊት የተቀጠሩት ሴቶች ግን ነጮች ነበሩ። የሠራተኛ ቅነሳው ቀድሞ የገባውን አቆይቶ ኋላ የመጣውን የሚያሰናብት ስለነበር ጥቁር ሴቶች ተጠርገው ወጡ። አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾው በ1989 እ.ኤ.አ. ለጉዳዩ «ኢንተርሴክሽናሊቲ» የሚል ስም ስታወጣለት ይህንንም ክስ መርምራለች።

ከዚያ ወደ ፋብሪካ መጠይቅ ይገባል። ጾታና የመጡበት አካባቢ ለየብቻ ከተደመሩ ከገጠር የመጣችው ሴት ኦፕሬተር ከሁለቱም ሠንጠረዥ ትጠፋለች። ስለዚህ ጾታ፣ የትውልድ ቦታ፣ ፈረቃና ደመወዝ በአንድ መስመር ይመዝገቡ። ይህን በተግባር ማሠራቷ ግሩም ነው።

ከሰዓት በኋላ መድልዎ እንደ ፈተና ነጥብ ይደመራል፤ ስህተት ነው፤ በክሱ እንደታየው የሁለቱ ጥምረት የራሱ መልክ አለው። በ1977 እ.ኤ.አ. ጭቆናዎች ተጠላልፈው እንደሚመጡ የሚናገረውን፣ ኮምባሂ ሪቨር የተባለውን የአሜሪካ ቡድን መግለጫ ያወጡት ጥቁር ሌዝቢያን ፌሚኒስቶች መሆናቸውም ተዘሏል፤ ያለ እነሱ ታሪኩ ጎዶሎ ነው። የጾታ ዝንባሌን በመጠይቁ አለማስገባቷ ግን ትክክል ነው፦ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በሕግ በሚያስቀጣበት አገር፣ ጥቂት ሰው ባለበት ፈረቃ፣ ስም ባይጻፍም ሰውየው ይታወቃል።

የምትሄዱ የራሳችሁን መጠይቅ ባዶ ቅጂ ያዙ፤ እዚያው ታርሙታላችሁ።