የክንዷ ሴንሰር የጠዋት ስኳሬን ምስጢር አወጣችልኝ

ማታ ስተኛ ስኳሬ 120፣ ጠዋት ስነሳ 190። በመሀል ውኃ እንኳ አልቀመስኩም። ስኳር ያለበት ሰው ይህን ብስጭት ያውቀዋል። እኔ ጥፋቱን እራቴ ላይ ነበር የምጥለው። መጀመሪያ እንጀራውን በግማሽ ቀነስኩ። ቀጥሎ ጭራሽ ትቼ ጎመን ብቻ እየበላሁ መተኛት ጀመርኩ። ጠዋት ያው 190። ልጄ «እማዬ፣ በረሃብ ልታልቂ ነው እኮ» ትለኝ ነበር።

እህቴ ከአሜሪካ ሁለት የስኳር መለኪያ ሴንሰር ላከችልኝ። ከአንድ ብር ሳንቲም ትንሽ የምትሰፋ ነጭ ክብ ነገር ናት። ክንድ ላይ ከኋላ በኩል ትለጠፋለች፣ 14 ቀን ትቆያለች፣ ቁጥሩን ስልክ ላይ ታሳያለች። ስትለጠፍ ጣት ከመወጋት ይቀላል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስልኬን ከፈትኩ። መስመሩ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። 12 ሰዓት ላይ 186 ደርሷል። ለካ ሊነጋ ሲል ሰውነት ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ይለቃል፣ ጉበትም ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይልካል። ያን የሚመክት በቂ ኢንሱሊን እኔ ጋ የለም። እራቴ ምንም አላጠፋም! አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ግራፉን ለሐኪሜ አሳየኋት። ኤንፒኤች የሚባለውን፣ ለሰዓታት የሚሠራውን ኢንሱሊኔን የምወጋው ከእራት ጋር፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ነበር። «ጉልበቱ እኩለ ሌሊት ላይ ይበረታና ሊነጋ ሲል ይከዳሻል» አለችኝ። መጠኑን ሳትነካ ወደ መኝታዬ፣ ወደ 4 ሰዓት አዛወረችው። አሁን ጠዋት 125፣ 130 ነው የማየው። ግማሿ እንጀራም ተመልሳለች። እናንተ ግን ሐኪም ሳታማክሩ ሰዓት እንዳትቀይሩ፤ ሌሊት የሚወርድ ስኳር ለሕይወት ያሰጋል።

ሴንሰሯ እንከን አላት። አንድ ሌሊት በተለጠፈችበት ክንድ ተኝቼባት 58 ብላ ጮኸች። ደንግጬ ጣቴን ስወጋ 109 ነው። ስለዚህ የጣት መለኪያው ስትሪፕ ከቤት አይጥፋ። ሁለተኛዋ ደግሞ በ11ኛው ቀን የቦርሳዬ ማንገቻ ይዟት ተነቀለች። እዚህ አዲስ አበባ እንደ ልብ አትገኝም፣ በየወሩ ልግዛ ብልም አቅሜ አይፈቅድም። ቢሆንም አንድ እንኳ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ ጠይቁ።

ካልተገኘ ሁለት ሦስት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የስልክ ማንቂያ ሞልታችሁ ተነሡና ጣታችሁን ለኩ። ያኔ ደህና ሆኖ ጠዋት ከወጣ፣ የእኔው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። 9 ሰዓት ላይ ወርዶ ካገኛችሁት ግን ወዲያው ስኳር ያለው ነገር ውሰዱ፣ ቁጥሩንም ጽፋችሁ በማግስቱ ሐኪም ጋ ሂዱ።