«የጨዋታ ሰዓታችሁ ተይዟል፣ ያለቀለት ነው» ብሎ የጎልፍ ጉዞ የሚሸጥላችሁን ተጠንቀቁ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ ዓረብ አገር ሠርታችሁ የተመለሳችሁና ጎልፍ የምትወዱ፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ።

ፒያሳ አካባቢ የጉዞ ጥቅል የሚሸጥ ደላላ አለ። ስኮትላንድ ወስዶ ሴንት አንድሪውስ ኦልድ ኮርስ በተባለው ዝነኛ የጎልፍ ሜዳ ላይ ሊያጫውታችሁ ቃል ይገባል። ዱባይ ጎልፍ ክለብ ውስጥ ለዓመታት የሠራው የአጎቴ ልጅ 150,000 ብር ቀብድ ከፈለ። ገንዘቡ የገባው በግለሰብ ሂሳብ ነው። ማኅተም ያለው ደረሰኝ የለም። አሁን «ቀብድ አይመለስም» ተብሏል።

የጉዞውን ወረቀት ተቀብዬ አነበብኩት። ጨዋታው የተያዘው እሁድ ነው! ኦልድ ኮርስ እኮ እንደ ዘ ኦፕን ያለ ትልቅ ውድድር ካልኖረ እሁድ ጨዋታ የለበትም። ያን ቀን ሕዝቡ የሚንሸራሸርበት ሜዳ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሰዓት አስይዣለሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ሜዳውን የሚያስተዳድረው ሴንት አንድሪውስ ሊንክስ ትረስት ነው። ብዙ ተጫዋች የሚገባው በዕጣ ሲሆን ዕጣው የሚወጣው ከጨዋታው 48 ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ሰዓት አረጋግጠው የሚሸጡ ድርጅቶችም አሉ፤ ግን ትረስቱ ፈቃድ የሰጣቸው መሆን አለባቸው። ስለዚህ ማንም «ያለቀለት ነው» ቢላችሁ ድርጅቱ የተፈቀደለት መሆኑን መጀመሪያ ትረስቱን ራሱን ጠይቁ።

የሃንዲካፕ (የተጫዋቹን የችሎታ ደረጃ የሚያሳይ ቁጥር) ማስረጃም ያስፈልጋል። ደላላው ግን «ጀማሪም ይችላል፣ አንድ ሳምንት እናሠለጥናለን» ይላል። እኔን በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ሜዳው ባሕር ዳር ያለ አሸዋማ መሬት ነው፤ ነፋሱን የሚያቆምለት ዛፍ የለም። በሜዳው ላይ 112 የአሸዋ ጉድጓዶች አሉ። 14ኛው ቀዳዳ (ኳሷ እስክትገባ የሚጫወቱበት አንዱ የሜዳው ክፍል) ላይ ያለው፣ ሲኦል የሚሉት ጉድጓድ፣ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጃክ ኒክላውስን የሚያህል የጎልፍ ሻምፒዮን በ1995 (እ.ኤ.አ.) ዘ ኦፕን ላይ እዚያ ገብቶ ለመውጣት 4 ምት ፈጅቶበታል። ያቺን አንዲት ቀዳዳ የጨረሰው በ10 ምት ነው። 17ኛው ላይ ደግሞ የመጀመሪያውን ምት የምትመቱት ወዴት እንደሚያርፍ ሳታዩ፣ በሜዳው አጠገብ ባለው ሆቴል ጥግ በላይ አሳልፋችሁ ነው። የሳምንት ሥልጠና እዚህ ምን ይሠራል? ገንዘባችሁንም ደስታችሁንም ነው የሚበላው።

ቪዛውንም «በእጄ ነው» ይላል። ውሸት ነው። አሻራ የምትሰጡት ራሳችሁ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ነው፤ የሚወስነውም የእንግሊዝ መንግሥት ነው።

የከፈላችሁ ካላችሁ የባንክ ማስተላለፊያውን ወረቀትና የተላላካችሁትን መልእክት አታጥፉ። እኛ ለፖሊስና ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ አቤቱታ ልናስገባ ነው። አብራችሁን ማመልከት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ።