ጅማ ላይ ጠላ ለመጥመቅ ያሰባችሁ፣ ሂርማታ ያሉትን እናት ሳታዩ ምንም እንዳትገዙ

ምስጋና በአፍ ብቻ ሲቀር ያሳዝነኛል። ስለዚህ ልጻፈው።

ሂርማታ መርካቶ ውስጥ፣ ጌሾና ብቅል የሚሸጥበት መደዳ ላይ፣ አንዲት እናት አሉ። «ስሜን በስልክ እንዳታወጪው» ስላሉኝ አልጽፈውም። እማማ እያልኩ ልቀጥል። ጌሾውን ከፊት በጆንያ ደርድረው፣ ብቅሉን ከጎናቸው ሰፌድ ላይ ዘርግተው ታገኟቸዋላችሁ። ብቅላቸውን መሬት አያስነኩም። በዚህ ትለዩዋቸዋላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚካኤል ጽዋ ማህበር አለን፤ ወር በገባ በ12 እንሰባሰባለን። ተራዬ ሲደርስ ጠላ ከሰው እገዛ ነበር። የሚሸጥልኝ አንዳንዴ ቅራሪ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ራስ የሚፈልጥ ነው። አንዴማ ፊልተር (የተጣራ ጠላ) ነው ተብሎ የተሸጠልኝን፣ አዛውንቶቹ አንድ ጉንጭ ቀምሰው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ዝምታቸው ነው ያቃጠለኝ። ከዚያ በኋላ ራሴ ልጥመቅ ብዬ ቆረጥኩ።

መከራው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ጀማሪ መሆኔን ሲያዩ ያልሸጡልኝ ነገር የለም። ጌሾ ብለው የሰጡኝ ግማሹ አቧራ፣ ግማሹ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ቅጠል ነው። ብቅሉ ላዩ ደህና፣ ከስር ሻጋታ። «ይሄ እኮ ይሸታል» ስል «ብቅል እንዲህ ነው የሚሸተው፣ አታውቂም» ተባልኩ። የፕላስቲክ በርሜሉ ግን ከሁሉም ይብሳል። የምግብ ዘይት ነው የያዘው ብሎ፣ በእናቱ ምሎ የሸጠልኝ ሰው አለ። በፈላ ውሃ አጠብኩት። በግራዋ አሸሁት። ፀሐይ ላይ አዋልኩት። ጠላው ሲደርስ ሽታው የመድኃኒት ሆኖ አረፈው። ይሄንንማ ለሰው አላጠጣም ብዬ ደፋሁት። ያን ሁሉ ገብስ፣ ያን ሁሉ ማገዶ! በርሜሉን መልሼ ስወስድለት «ከኔ መግዛትሽን በምን አውቃለሁ?» አለኝ። እግዜር ይየው።

እማማን ያገኘኋቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሐሙስ ነበር፣ የገበያ ቀን። ብቅል አለ ወይ አልኳቸው።

«አለ። ግን አልሸጥልሽም» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ከሰፌዱ አንዲት ፍሬ አነሱና በጥርሳቸው ነከሷት። ለኔም አንዲት ሰጡኝ። «ንከሺያት እስቲ። ቀጭ አለች? አላለችም። ውስጧ ገና እርጥብ ነው። ሰሞኑን ዝናቡ መች ፋታ ሰጠን? ይሄን ፈጭተሽ ካስቀመጥሽው ይሻግትብሻል። ፀሐይ ካገኘ ለሚመጣው ሐሙስ ይደርሳል፤ ያኔ ነይ ልጄ።»

ልብ በሉልኝ። እኔ ብሬን ይዤ ቆሜያለሁ። ገበያው ቀዝቅዟል። መዝነው ቢሰጡኝ ምንም አላውቅም ነበር፣ ተደስቼ ነበር የምሄደው። እሳቸው ግን ብሬን አልተቀበሉኝም። ያን ሁሉ ከተታለልኩ በኋላ ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። ምን ሆነሽ ነው ብለው ዱካ ላይ አስቀመጡኝና የበርሜሉን ታሪክ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ለሚካኤል ነው አይደል? በይ እንግዲያው ከመጀመሪያው እንጀምር» አሉኝ።

ብቅሉን ራሳቸው ናቸው የሚያበቅሉት። ገብሱን ነክረው፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ያቆዩታል። ሲበቅል ፀሐይ ያሰጡታል። ጅማ ዝናቧ ረጅም ስለሆነ ልፋቱ ያለው ማድረቁ ላይ ነው። ጌሾውንም በመዳፋቸው አሽተው ወደ አፍንጫዬ አስጠጉልኝ። ደህና ጌሾ ምን ምን እንደሚል ያን ቀን አወቅኩ። ለጠላ ቅጠሉም እንጨቱም ተወቅጦ ይገባል። ጠጅ ለምትጥሉ ደግሞ ተከትክቶ የደረቀ የጌሾ እንጨት ለብቻው አላቸው።

ቅደም ተከተሉን እናቴም ከደብረ ማርቆስ በስልክ ነግራኝ ነበር። ጌሾው በውሃ ይጠነሰሳል፤ ቀጥሎ ብቅልና ቂጣ ይገባል፤ ከዚያ እንኩሮው (በውሃ ተለውሶ ምጣድ ላይ የታመሰው ዱቄት) ተጨምሮ ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻ ውሃ ይሞላና ይከደናል። እናቴ ግን ዕድሜ ልኳን በዓይኗና በእጇ ስትሠራ የኖረች ናት። መቼ ነው ውሃ የምሞላው ስላት «ሲደርስ ነዋ» ትለኛለች። በልጅነቴ ጋኑን በወይራ ስታጥን ቤቱ በሙሉ ያውድ ነበር። አሁን ጉልበቷ ደክሟል፤ ጎኔ ሆና ብታሳየኝ እንዴት በወደድኩ። እማማ ያንን ቦታ ነው የሞሉልኝ። «ቀን ብቻ አትቁጠሪ፣ ጆሮሽን ጣል አድርጊበት። ድፍድፉ ሲንሿሿ ይሰማሻል። ረገብ ሲል ሙዪው» አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ።

ጠርሙስም በሳቸው በኩል ነው ያገኘሁት። አንድ ቆራሌ ልጅ ክዳኑ የሚጠመዘዝ የአረቄና የወይን ጠርሙስ ያመጣላቸዋል። አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሱ ያዩታል፣ ያሸቱታል። ላምባ ላምባ የሸተታቸውን አንዱን መለሱለት። አልተቆጡትም። «ይሄን ለኩራዝ ለሚፈልግ ሽጥ፣ ለሚጠጣ አይሆንም» ብቻ አሉት። የቢራ ጠርሙስስ ስላቸው፣ ቆርኪው አንዴ ከተነሳ መልሶ አይገጥምም፣ ጠርሙሱም በመያዣ የሚመለስ የፋብሪካ ንብረት ነው አሉኝ። አንድ ነገር ደግሞ ደጋግመው አስጠንቅቀውኛል፣ እናንተም ያዙልኝ፦ ገና እየፈላ ያለ ጠላ ጠርሙስ ውስጥ አጥብቃችሁ አትክደኑ። አየሩ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱ ይፈነዳል። እስከ አፉ አትሙሉት፣ ክዳኑንም መጀመሪያ ላላ አድርጉት። ሃይላንድ የምትጠቀሙም እንደዚያው።

ተራዬ ደረሰ። ጠላው ቀረበ። እነዚያው አዛውንቶች ጠጥተው ብርጭቋቸውን ዘረጉልኝ። አንዷ እናት «ጌሾው ከየት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጠላ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ከጠየቀ ሌላ ምን እፈልጋለሁ!

ስለዚህ ጅማ ያላችሁ፣ እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። ለድግስም ይሁን ለማህበር፣ ወይም እንዲሁ ቤታችሁ ለመሞከር፣ እሳቸው ጋ ሂዱ። ሐሙስ በጠዋት ብትደርሱ ጥሩ ነው፤ ብቅሉ ቶሎ ያልቃል። አልደረሰም ካሏችሁ አትከራከሯቸው፣ እመኗቸውና ጠብቁ። ዋጋም ብዙ አትጎትቱባቸው፤ የሚጠይቁት ተገቢ ነው። በርሜል የምትፈልጉም የት እንደሚገኝ ይጠቁሟችኋል፤ ብቻ ምን እንደያዘ ሳታውቁ የማንንም መሐላ አትመኑ።

እማማ፣ ልጅዎ ይህን ካነበበልዎት፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ተራዬ እየደረሰ ነው፤ የደረቀውን ብቅል ያስቀምጡልኝ።