የቤት ሽቦ፦ መዳብ ወይስ አሉሚኒየም?

ቤት የሚሠራ ወዳጅ ሁሉ ደውሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "ሽቦ በግማሽ ዋጋ አገኘሁ፣ ልግዛው?" መልሴም ያው ነው። ለቤት ውስጥ መዳብ ብቻ።

አሉሚኒየም መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በጣም ቀላል ስለሆነ ከምሰሶ ምሰሶ ለሚዘረጋው መስመር የሚመረጠው እሱ ነው። ጣጣው ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ነው። በእኩል ውፍረት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን 60 በመቶ ገደማ ነው። ሲሞቅና ሲበርድ ከመዳብ ይበልጥ ስለሚለጠጥና ስለሚሰበሰብ የሶኬቱ ብሎን ቀስ በቀስ ይላላል፣ የላላው ቦታ ይግላል፣ ከዚያ እሳት ነው። አሜሪካኖች በ1960ዎቹና 70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መዳብ ሲወደድባቸው ብዙ ቤት በአሉሚኒየም ዘርግተው አይተውታል።

የኛ ገበያ ዋና ችግር ግን መዳብ የተለበጠው አሉሚኒየም ነው። እህቴ ቤት የምጣዱ ሶኬት ቀልጦ ስንፈታው ሽቦው ከላይ ቀይ ነው፣ በቢላ ፋቅ ሳደርገው ውስጡ ነጭ! ባለ 3,500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር ይስባል፣ ይሄ ሽቦ የት ይችለዋል? ቱቦው ውስጥ አልንቀሳቀስ ስላለ ግድግዳ ተፈልፍሎ፣ ተለስኖ፣ እንደገና ቀለም ተቀባ። ከሽቦው የተረፈው ብር ለልስኑ እንኳ አልበቃም።

ዋጋውን እንዲህ አስሉት። ባለ 2.5 (የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው)፣ 100 ሜትር ጥቅል ውስጥ 2.2 ኪሎ መዳብ መኖር አለበት። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ገበያ ላይ አንድ ቶን መዳብ 9,000 ዶላር አካባቢ ነበር፣ አሉሚኒየም 2,400 ገደማ። እንግዲህ መዳቡ ብቻ 20 ዶላር ነው፣ በአሉሚኒየም ቢሆን 2 ዶላር አይሞላም። ከመዳቡ ዋጋ በታች "ኦሪጅናል ነው" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው መዳብ እየሸጠላችሁ አይደለም።

ማግኔት አይረዳችሁም፣ ሁለቱንም አይስብም። ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። እውነተኛው ጥቅል ከነፕላስቲኩ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ የተለበጠው 2 ኪሎ አይደርስም። "2.5" ተብሎ የቀጠነውንም፣ 100 ሜትር የማይሞላውንም ያው ሚዛን ያጋልጠዋል። ሻጩ አላስመዝንም ካለ ሌላ ሱቅ ግቡ።

ብር ካጠረ ከኮርኒሱ ጂፕሰም ቀንሱ። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣዱ ለብቻው 4፣ ሁሉም መዳብ።